አይ ሃርድሊ ወርክ፦ የእንግሊዝኛን ተውሳከ ግስ ቦታ ቦታው ማስያዝ

የመጀመሪያ የሥራ ቃለ መጠይቄ ነው። ሌሊቱን ስሸመድድ ያደርኩትን ሁሉ አወረድኩት። ማሳረጊያው ላይ ደረቴን ነፋ አድርጌ «አይ ሃርድሊ ወርክ» አልኩ። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ማለቴ ነበር። ጠያቂው ፈገግታውን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። እኔ ደግሞ ወዶኛል ብዬ ደስ አለኝ።

ያልኩት ነገር «እኔ እምብዛም አልሠራም» ማለት እንደሆነ የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። ያውም በሳምንቱ፣ ማኪያቶ እየጠጣን።

በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንዱ ቃሉ ነው፤ «ሃርድ» ማለት ሲገባኝ «ሃርድሊ» አልኩ። ሁለተኛው ቦታው ነው። በአማርኛ «ጠንክሬ» ከ«እሠራለሁ» በፊት ስለሚመጣ፣ እንግሊዝኛውንም ከግሱ ፊት ጎለትኩት። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሰውንም ስህተት ስታዘብ ቆይቻለሁ። ብዙዎቻችን ቃላቱን እናውቃቸዋለን። የምናስቀምጣቸው ግን አማርኛ በሚሰጣቸው ወንበር ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል የጻፍኩት ጆሯችሁ እንዲይዘው ብዬ ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትሠሩ ግን በራሱ ፊደል ጻፉት።

ደረጃ 1፦ ቃሉ የሚናገረው ስለማን ነው?

ቅጽል ስለ ስም ይናገራል። ተውሳከ ግስ ስለ ድርጊቱ፦ እንዴት፣ የት፣ መቼ፣ በየስንት ጊዜው፣ ምን ያህል። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ችግሩ ስንናገር ይጠፋናል።

መፍትሔው አማርኛውን ማየት ነው። አማርኛ ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶች ብዙ የሉትም። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ»፣ «ምንኛ» እያላችሁ ስትቆጥሩ ብዙም ሳትሄዱ ያልቁባችኋል። ሌላውን የምንሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «በ» ነው፤ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ በትህትና። ሌላው ቀስ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ ተናዶ፣ ሮጦ እያልን ነው። እንግዲህ በአማርኛ ስታስቡት ቃሉ «በ» ከያዘ ወይም «ብሎ» ካለው፣ እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ ተውሳከ ግስ ይፈልጋል።

«ጠንቃቃ ሾፌር ነው» ስትሉ «ሂ ኢዝ ኤ ኬርፉል ድራይቨር» ነው። «በጥንቃቄ ይነዳል» ስትሉ ደግሞ «ሂ ድራይቭስ ኬርፉሊ»።

አንዳንድ ግሶች ግን ይህን ሕግ ያፈርሳሉ፤ ለምሳሌ «ሉክ»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት»፣ «ሳውንድ» እና «ፊል»። ስለ ቡናው ሽታ ስታወሩ የምትናገሩት ስለ ቡናው እንጂ ቡናው ስላደረገው ነገር አይደለም። ስለዚህ «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ» እንላለን። «ስሜልስ ዌል» ካላችሁ ቡናው አፍንጫ አውጥቶ ጎበዝ አሽታች ሆኗል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ «ሊ» ያለበት ሁሉ ተውሳከ ግስ አይደለም

መነሻው ቀላል ነው። ቅጽሉ መጨረሻ ላይ «ሊ» ጨምሩ። «ስሎው» «ስሎውሊ» ይሆናል፤ «ኩዊክ» «ኩዊክሊ»። ቃሉ በ«ዋይ» ሲያልቅ፣ እንደ «ሃፒ»፣ «ዋይ»ዋ ወደ «አይ» ትቀየርና «ሃፒሊ» ይሆናል። ይህን ማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ይነግራችኋል፣ አላረዝመውም።

የሚያስቸግሩት ከሃዲዎቹ ናቸው። እነሱን በቃላችሁ ያዙ።

«ፍሬንድሊ»፣ «ላቭሊ»፣ «ሎንሊ»፣ «አግሊ»፣ «ሲሊ»። ሁሉም በ«ሊ» ያልቃሉ፣ ሁሉም ግን ቅጽል ናቸው። «በወዳጅነት አናገረችኝ» ለማለት «ሺ ቶክድ ቱ ሚ ፍሬንድሊ» አይባልም። «ኢን ኤ ፍሬንድሊ ዌይ» ነው መውጫው።

«ፋስት» ደግሞ «ሊ» አይወድም። «ፋስትሊ» የሚባል ቃል ዛሬ በሚነገረው እንግሊዝኛ የለም። «ሂ ራንስ ፋስት» በቃ። «ጉድ» መልኩን ቀይሮ «ዌል» ይሆናል፤ «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል»። ስንት ሰው «ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ጉድ» ሲል ሰምታችኋል? ጉድ ነው።

ከሁሉ የከፉት ግን «ሊ» ሲጨመርባቸው ትርጉማቸው ጭራሽ የሚቀየሩት ናቸው። «ሃርድ» ጠንክሮ ነው፤ «ሃርድሊ» እምብዛም። «ሌት» አርፍዶ ነው፤ «ሌትሊ» ሰሞኑን። አርፍዳችሁ ሥራ ገብታችሁ ለአለቃችሁ «አይ ኬም ሌትሊ» ብትሉት «ሰሞኑን መጣሁ» ነው የሚሰማው። «ኒር» ቅርብ ነው፤ «ኒርሊ» ደግሞ እኛ «ለጥቂት» የምንለው። «አይ ኒርሊ ፌል» ማለት ልወድቅ ነበር፣ ለጥቂት ተረፍኩ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ወንበሩን ማግኘት

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። አብዛኛው ስህተታችን የሚፈለፈለው እዚህ ነው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት፣ ምንን የሚለው ሁሉ ከፊት ይሰለፍና ግሱ መጥቶ በሩን ይዘጋል። «እኔ ትናንት መርካቶ ጫማ በርካሽ ገዛሁ።» እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ያመጣና ሌላውን ከኋላ ያስከትላል። «አይ ቦውት ሹስ ቺፕሊ ኢን መርካቶ የስተርዴይ።» ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ከባለቤቱ በስተቀር ሰልፉ ከኋላ ወደፊት የተገለበጠ ይመስላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ በግሱና በተሳቢው መሃል አትግቡ። «ቡና በጣም እወዳለሁ» የሚለውን አንዳንዱ «አይ ቬሪ ላይክ ኮፊ» ይለዋል። ሌላው ስህተቱን ያሻሻለ መስሎት «አይ ላይክ ቬሪ ማች ኮፊ» ይላል። ሁለቱም አይሆንም። ግሱና ቡናው እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ መሃላቸው አትቀመጡ። «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ ማች።» «ቬሪ» ደግሞ ብቻውን ግስን አያጎላም። ቅጽል ወይም ሌላ ተውሳከ ግስ ይፈልጋል፤ «ቬሪ ሆት»፣ «ቬሪ ስሎውሊ»። ግስ ሲሆን «ማች» ተጨምሮበት መጨረሻ ላይ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ከኋላ የሚመጡት ሲበዙ ቅደም ተከተላቸው እንዴት፣ የት፣ መቼ ነው። «ሺ ስታዲድ ሃርድ አት ሆም ላስት ናይት።» ጠንክራ፣ ቤት ውስጥ፣ ትናንት ማታ። እንቅስቃሴ ያለበት ግስ ሲሆን ግን የሚኬድበት ቦታ ይቀድማል፤ «ሺ ዌንት ሆም ኩዊክሊ»። ጊዜውን ወደ ፊት አምጥታችሁ «የስተርዴይ አይ ቦውት ሹስ» ማለት ትችላላችሁ፣ ምንም ችግር የለውም። ጆሮ የሚያደማው «አይ የስተርዴይ ቦውት» ነው። እሱ አማርኛ ነው፣ ልብሱ ብቻ የፈረንጅ።

ለመለማመድ ወረቀት ቆራርጡ። የአንድን ዓረፍተ ነገር እያንዳንዱን ቁራጭ በየወረቀቱ ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። መጀመሪያ በአማርኛ ሰልፍ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ ግን እጅ የነካው ነገር ቶሎ አይረሳም።

ደረጃ 4፦ «ሁልጊዜ»፣ «አንዳንዴ»፣ «በጭራሽ»

«ኦልዌይስ»፣ «ዩዡዋሊ»፣ «ኦፍን»፣ «ሰምታይምስ»፣ «ሬርሊ»፣ «ኔቨር»። ከብዛት ወደ ማነስ ደረደርኳቸው። እነዚህ ከላይ ያልኩትን የጅራት ሰልፍ አይቀላቀሉም። ከዋናው ግስ ፊት ይቀመጣሉ፤ «ሂ ኦልዌይስ ካምስ ኧርሊ»። ግሱ «ኢዝ»፣ «አም» ወይም «አር» ሲሆን ግን ከኋላው፤ «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ»። ረዳት ግስ ካለ በረዳቱና በዋናው መሃል፤ «አይ ሃቭ ኦልዌይስ ሊቭድ ሂር»። «ሰምታይምስ»ና «ዩዡዋሊ» መጀመሪያ ላይም ይቀመጣሉ፤ «ኔቨር»ንና «ኦልዌይስ»ን ግን በተራ ዓረፍተ ነገር ፊት አውራሪ አታድርጓቸው።

ዋናው ወጥመድ «ኔቨር» ነው። አማርኛ «በጭራሽ» ካለ በኋላ ግሱንም ያፈርሰዋል፤ «በጭራሽ ሥጋ አልበላም»። ስለዚህ «አይ ኔቨር ዶንት ኢት ሚት» ብንል አይገርምም። እንግሊዝኛው ግን አንድ አሉታ ይበቃዋል። «ኔቨር» አሉታውን ራሱ ተሸክሞ ይዞራል፤ «አይ ኔቨር ኢት ሚት»። «እምብዛም»ም እንዲሁ ነው። እኛ «እምብዛም አልሠራም» እንላለን፤ እነሱ «ሃርድሊ ወርክ» ብለው ይጨርሱታል። ያ ጠያቂ ለምን እንዳቀረቀረ አሁን ገባችሁ።

አሉታ ላይ እያለን፣ «እኔም አልሄድኩም» የሚለውን «አይ ዲድንት ጎ ቱ» አትበሉ። አሉታ ካለ «ም»ን የሚተካው «አይዘር» ነው፤ «አይ ዲድንት ጎ አይዘር»።

ደረጃ 5፦ የጊዜና የቦታ ሐረጎች

ከአማርኛ በቀጥታ የምንገለብጣቸውን እዚህ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንድ በአንድ አይታችሁ የእናንተን ምልክት አድርጉባቸው።

«ከሁለት ዓመት በፊት» ስንል «ቢፎር ቱ ይርስ» ይመጣብናል። እኛ «በፊት» ስላልን «ቢፎር» አልን። ከአሁን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ግን ቃሉ «አጎ» ነው፣ ያውም መጨረሻ ላይ፤ «ቱ ይርስ አጎ»። «ቢፎር» ሌላ ክስተት ሲኖር ነው የሚያገለግለው፤ «ቢፎር ላንች» ከምሳ በፊት።

«እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው» ሲሆን የርዝመት ጉዳይ ነውና «ፎር ቱ ይርስ» በሉ። «ሲንስ» መነሻ ነጥብ ይፈልጋል፤ «ሲንስ መንደይ»። በነገራችን ላይ ውጭ አገር ላለ ሰው ዓመተ ምህረት ስትጠሩ የእኛን ወደ እነሱ መልሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ትጨምራላችሁ። መስከረም 2010 ሥራ የጀመረ ሰው «ሲንስ 2017» ነው የሚለው።

«ዛሬ ማታ» «ቱደይ ናይት» አይደለም፣ «ቱናይት» ነው። «ዛሬ ጠዋት» «ዚስ ሞርኒንግ»። «ትናንት ማታ» ዘግየት ካለ «ላስት ናይት»። «ነገ ጠዋት» ግን እንዳለ ይሄዳል፣ «ቱሞሮው ሞርኒንግ»። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ልማድ ነው።

«ባለፈው ሳምንት» ላይ «በ» ስላለች «ኢን ላስት ዊክ» የሚል ብዙ ነው። «ላስት»፣ «ኔክስት»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ» ካሉ «ኢን»ም «ኦን»ም አያስፈልግም። «አይ ሶ ሂም ላስት ዊክ»።

«ወደ ቤት ሄድኩ» ስትሉ «ወደ» ስላለች «ቱ» ታምጡና «አይ ዌንት ቱ ሆም» ትላላችሁ። «ሆም»፣ «ሂር»፣ «ዜር»፣ «አብሮድ» መንገዱን ራሳቸው ያውቁታል፣ «ቱ» አይፈልጉም። «ወደ ውጭ አገር» ስትሉም «ጎ አብሮድ» ነው። ዓረብ አገር፣ ካናዳ፣ የትም ይሁን፤ የአገሩን ስም ስትጠሩ ግን «ቱ» ትመለሳለች፣ «ጎ ቱ ካናዳ»።

ሰዓት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ለማለት «አት ቱ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ካላችሁ ፈረንጁ የሚረዳው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ይበላሻል። 6 ጨምሩ፤ ድምሩ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። ጠዋት 2 «ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ ቀን 7 ሰዓት «ዋን ኢን ዚ አፍተርኑን»፣ ማታ 1 ሰዓት «ሰቨን ኢን ዚ ኢቭኒንግ»።

ደረጃ 6፦ «ገና» ለሁለት ስትሰነጠቅ

«ገና» ቆንጆ ቃል ናት። «ገና ልጅ ነው»፣ «ገና አልመጣም»፣ ሁለቱንም ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ለሁለት ይሰነጥቃታል። አዎንታዊ ከሆነ «ስቲል»፣ መሃል ላይ፤ «ሂ ኢዝ ስቲል ኤ ቻይልድ»። አሉታ ከሆነ «ዬት»፣ መጨረሻ ላይ፤ «ሂ ሃዝንት ካም ዬት»። ስትጠሩት ከእኛው «የት» ጋር እንዳይምታታባችሁ።

«አሁንም አልመጣም» ብላችሁ ንዴት ከጨመራችሁበት «ሂ ስቲል ሃዝንት ካም» ይሆናል። ልዩነቱ የትዕግሥት ነው። «ዬት» ያለ ሰው እየጠበቀ ነው፤ «ስቲል» ያለው ሊሄድ ተነስቷል። «መጥቷል እኮ!» ለሚለው ደግሞ «ሂ ሃዝ ኦልሬዲ ካም»።

ደረጃ 7፦ «ሳይበላ»፣ «ሮጦ»፣ «ዝም ብሎ»

አንድ ቃል ሳይሆን ሐረግ የሚፈልጉ ነገሮች አሉን። «ሳይበላ ሄደ» የምትለዋ «ሳይ» «ዊዛውት» ትሆንና ግሱ «ኢንግ» ይጨምራል፤ «ሂ ሌፍት ዊዛውት ኢቲንግ»። «ሳይናገር»፣ «ሳይከፍል»፣ «ሳያይ»፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ሮጦ መጣ» «ሂ ኬም ራኒንግ» ነው። «ተናዶ ወጣ» «ሂ ሌፍት አንግሪሊ»።

«ዝም ብሎ» ግን ተጠንቀቁለት። «ዝም ብሎ ተቀመጠ» ሳይናገር ከሆነ «ሂ ሳት ኳየትሊ» ነው። «ዝም ብዬ ነው የመጣሁት» ስትሉ ግን ጸጥታው የለም፤ ያለ ምክንያት ማለታችሁ ነው። እሱ «አይ ጀስት ኬም» ይሆናል። ቃል ለቃል ከመተርጎም በፊት በአማርኛ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

«ብቻ»ም ቦታ ይቀይራል። እኛ ከስሙ ኋላ እንለጥፈዋለን፣ «ሽሮ ብቻ»፤ እነሱ ከፊት፣ «ኦንሊ ሽሮ»።

ሁለት ቃላት ቀሩኝ። «ቱ» እና «አክችዋሊ»። ምግቡ ጣፍጧችሁ «ኢት ኢዝ ቱ ስዊት» ካላችሁ ባለቤቷ ትከፋለች። «ቱ» «በጣም» አይደለም፣ «ከልክ በላይ» ነው፣ ወቀሳ አለበት። «ዘ ቲ ኢዝ ቱ ሆት ቱ ድሪንክ»፤ ሻዩ ከመፋጀቱ የተነሳ አይጠጣም። «አክችዋሊ» ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የዓረፍተ ነገር መግቢያ ሆናለች፣ በአማርኛው እንኳ። በእንግሊዝኛ ስትናገሩ ሰሚው የጠበቀውን ነገር ልታርሙ ስትሉ ብቻ አውጧት። ስማችሁን ተጠይቃችሁ «አክችዋሊ ማይ ኔም ኢዝ» ብትሉ፣ ቀድሞ በሌላ ስም የጠራችሁ ያህል ነው።

ልምምዱ

ለአንድ ወር ማታ ማታ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ በላይ አትጻፉ፤ ይሰለቻችኋል። ሕጉ ይህ ነው፦ አንዱ «እንዴት» ይኑረው፣ አንዱ «በየስንት ጊዜው»፣ አንዱ «አጎ»፣ አንዱ «ስቲል» ወይም «ዬት»፣ አንዱ «ዊዛውት»። መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት፣ ከዚያ ሰልፉን ገልብጡ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ጆሮ ዓይን ያለፈውን ይይዛል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሠላሳ አምስቱንም አውጡና በቀይ እስክሪብቶ ተውሳከ ግሶቹን ብቻ አስምሩ። ስህተቱ የት እንደሚደጋገም ታያላችሁ። የእኔ «ቢፎር ቱ ይርስ» ነበር፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ይህችን ሞክሯት። መልሱን ሳታዩ በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩት።

«ወንድሜ ከሦስት ወር በፊት ወደ ውጭ አገር ሄደ። ሁልጊዜ ማታ ማታ ይደውላል። ዛሬ ማታ ገና አልደወለም። ትናንት ሳይሰናበት ስልኩን ዘጋው።»

«ማይ ብራዘር ዌንት አብሮድ ስሪ መንስስ አጎ። ሂ ኦልዌይስ ኮልስ ኢን ዚ ኢቭኒንግ። ሂ ሃዝንት ኮልድ ዬት ቱናይት። የስተርዴይ ሂ ሃንግ አፕ ዊዛውት ሰይንግ ጉድባይ።»

የመጨረሻዋ ላይ «ሃንግ» ያልኩትን አይታችሁ ካለፋችሁ ተመለሱ፤ ትናንት ነውና ያለፈ ጊዜው በራሱ ፊደል ሲጻፍ hang ሳይሆን hung፣ በ«ኤ» ሳይሆን በ«ዩ» ነው። ተውሳከ ግሱን ስታሳድዱ ግሱ እንዳያመልጣችሁ።